የመጋዘን ጉድለትና የመርሳት ሕመም፦ ከአንድ ፋብሪካ የተገኘ የጉዳይ ጥናት

ይህን ጉዳይ ጽፌ ማስቀመጥ የፈለግኩት በሰው ሀብት አስተዳደር፣ በሠራተኛ ማኅበርና በፋብሪካ ክሊኒክ ለሚሠሩ ሰዎች ይጠቅማል ብዬ ነው። ነገሩ የሆነው አዲስ አበባ ዳርቻ በሚገኝ አንድ የግል ፋብሪካ ውስጥ ሲሆን፣ እኔ በወቅቱ የሰው ሀብት አስተዳደር ክፍሉ ባልደረባ ነበርኩ። የሰዎቹም የድርጅቱም ስም አይጠቀስም፤ ማንነት የሚጠቁሙ ጥቃቅን ነገሮችም ወጥተዋል። ሠራተኛውና ባለቤታቸው ጉዳዩ ለሌላው ትምህርት እንዲሆን ፈቅደዋል።

የጉዳዩ መነሻ

ሠራተኛው የመለዋወጫ መጋዘን ኃላፊ ነበሩ። ዕድሜያቸው ሃምሳዎቹ አጋማሽ ላይ ሲሆን አብዛኛውን የሥራ ዘመናቸውን ያሳለፉት በዚሁ መጋዘን ነው። ፋብሪካው ውስጥ ሁሉም «ጋሼ» ይላቸዋል። መካኒክ ዕቃ ሊጠይቅ ሲመጣ ካርድ ማገላበጥ አያውቁም ነበር፤ የትኛው ኩሽኔታ በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ፣ ስንት ቺንጋ እንደቀረ፣ የትኛው ማሽን በየትኛው ቡሎን እንደሚታሰር በቃላቸው ይዘውታል። ሌሊት ማሽን ሲቆም ቤታቸው ተደውሎ «ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ከታች፣ በስተግራ» ብለው በስልክ ይመሩ ነበር። እኔ እንደማምነው ሕመሙ ረጅም ጊዜ ሳይታይ የቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ሰው ሁሉ በእሳቸው ትውስታ ላይ ስለተደገፈ ካርዶቹን ዞር ብሎ ያየ አልነበረም።

ችግሩ የወጣው ድርጅቱ የመጋዘን ምዝገባውን ከካርድ ወደ ኮምፒውተር ለማዛወር ሙሉ ቆጠራ ሲያደርግ ነው። በካርዱና በመደርደሪያው መካከል ሰፊ ልዩነት ተገኘ። የውስጥ ኦዲት «የንብረት ጉድለት» ብሎ ሪፖርት አደረገ፤ ጉዳዩም ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ተመራ። ፋይናንስ ክፍሉ ውሳኔው ቶሎ እንዲሰጥ ይገፋ ነበር፤ ለዚህም ምክንያት ነበረው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ ሠራተኛን ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት የሚያበቃ ምክንያት መኖሩን ካወቀ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀመበት መብቱ ይቀራል። ስለዚህ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ብዙዎቹ አባላት ጉዳዩ ያለቀለት መስሏቸው ነበር።

ነገሩ እንዴት ተገለበጠ

የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ከኦዲት ሪፖርቱ ሌላ ዕቃ የሚወስዱት መካኒኮችም እንዲሰሙ ጠየቀ። ከተጠሩት አንዱ የሰጠው ቃል በቃለ ጉባኤው እንዲህ ይነበባል፦ «6205 ኩሽኔታ ስጡኝ አልኳቸው። ገብተው ቆዩ፤ የዳዶ ካርቶን ይዘው ወጡ። ጋሼ፣ ኩሽኔታ ነው ያልኩት ስላቸው ቀድሞ ምንም እንዳልጠየቅኳቸው ‹ምን ፈልገህ ነው የመጣኸው?› አሉኝ። ሌባ እንዲህ አያደርግም።»

ከዚያ በኋላ ኮሚቴው ካርዶቹን አንድ በአንድ አየ። አንድ የመረከቢያ ደረሰኝ በተለያየ ቀን ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል። ተረካቢው ፈርሞ የወሰደው ዕቃ ከካርዱ አልተቀነሰም። ድሮ የተስተካከለ የነበረው የእጅ ጽሑፋቸው በቅርብ ዓመታት ካርዶች ላይ ሌላ ሰው የጻፈው ይመስላል። የጠረጴዛቸው መሳቢያ ሲከፈት በሲጋራ ወረቀትና በካርቶን ቁራጭ ላይ ለራሳቸው የጻፏቸው ማስታወሻዎች ተገኙ፤ «ቁልፍ ቀኝ ኪስ»፣ «ሐሙስ ቺንጋ ይገባል» የሚሉ፣ አንዱ ደግሞ ከእሳቸው ጋር በየቀኑ የሚሠራውን ወጣት ስም ብቻ የያዘ።

የፋብሪካው ክሊኒክ ነርስ ወደ ጉዳዩ የገባችው በዚህ ጊዜ ነው። የጠየቀችው ጥያቄ አንድ ነበር፤ «ከሁለት ዓመት በፊት እንዲህ ያደርጉ ነበር ወይ?» የሁሉም መልስ «በፍጹም» ነበር። ይህ ጥያቄ ከመላው ሂደት ውስጥ ከሁሉ የሚበልጥ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰነፍ ወይም የማይታመን ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያውም ይታወቃል፤ ለዓመታት የተመሰከረለት ሰው በአጭር ጊዜ ሲለወጥ ግን መጠየቅ ያለበት ምን እንደነካው ነው።

ኮሚቴው ውሳኔውን አዘግይቶ ሁለት ነገር አዘዘ፤ በገለልተኛ ሰው ድጋሚ ቆጠራ እንዲደረግና ሠራተኛው በፈቃዳቸው ሐኪም እንዲያያቸው። ድጋሚ ቆጠራው ነገሩን ግልጽ አደረገው። ጎደለ ከተባለው አብዛኛው ያለቦታው ሌላ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ተገኘ፤ ሌላው ደግሞ ሁለት ጊዜ ስለተመዘገበ እንጂ ከመጀመሪያውም ያልነበረ ዕቃ ነው። ምክንያቱ ያልታወቀው ትንሽ ቀሪ በድርጅቱ ውሳኔ ተሰረዘ።

ባለቤታቸው በእሳቸው ፈቃድ ተጠርተው ሲመጡ የቤቱን ነገር ተናገሩ። ለዓመታት የተመላለሱበት መንገድ ጠፍቷቸው ከታክሲ ያለ ቦታቸው ወርደው ያውቃሉ። የቤት ኪራይ ሁለት ጊዜ ከፍለዋል። ባለቤታቸው መጀመሪያ ወንድማቸው ከሞቱ ወዲህ የመጣ ሐሳብ መስሏቸው ነበር፤ ጎረቤት መተት ነው አለ፤ ጠበል ወሰዷቸው። ለመሥሪያ ቤት ያልተናገሩት እንጀራቸው እንዳይቋረጥ ፈርተው ነው። ነርሷ ጠበሉን አቁሙ አላለችም። ሐኪም የሚያዘውን እንዳያቋርጡ ብቻ ለመነቻቸው፤ ለዚህም ይመስለኛል ባለቤታቸው ከዚያ ጀምሮ ምንም ያልደበቋት።

ምርመራው

ወደ ሆስፒታል ሲላኩ መጀመሪያ የተሠራው የመርሳት ሕመም የሚመስሉ ግን ሊታከሙ የሚችሉ ችግሮችን ማጣራት ነው። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መቀነስ፣ ድባቴ፣ ቂጥኝ፣ ኤች አይ ቪ፣ ከመውደቅ በኋላ ራስ ቅል ውስጥ የሚጠራቀም ደም፣ አንዳንድ መድኃኒቶችም ጭምር ሰውን ሊያዘነጉና ሊያደናግሩ ይችላሉ። ይህ ለሥራ ቦታም ትልቅ ትርጉም አለው። «እርጅና ነው» ተብሎ ቤቱ የሚቀመጥ ሰው መርፌ ወይም ኪኒን የሚመልሰው ሊሆን ይችላል።

በእሳቸው ምርመራ እነዚህ አልተገኙም። የግድግዳ ሰዓት እንዲስሉ ሲጠየቁ ክቡን በደንብ ሠርተው ቁጥሮቹን ሁሉ በቀኝ በኩል ደረደሯቸው። የኤምአርአይ (የአንጎል ምስል ምርመራ) ወጪው ከሠራተኞች የቁጠባና ብድር ማኅበር በተወሰደ ብድር ተሸፈነ። ሐኪሞቹ ምልክቶቹ ከሁሉ ይበልጥ የሚገጥሙት አልዛይመር ከሚባለው የመርሳት ሕመም ዓይነት ጋር መሆኑን ነገሯቸው። የታዘዘላቸው መድኃኒት ለአንዳንድ ሰው ምልክቱን ለጊዜው እንደሚያቀልለት፣ ሕመሙን ግን እንደማያቆመው በግልጽ ተነገራቸው።

በሥራው ላይ የተደረገው

መጀመሪያ የቀረበው ሐሳብ ቀለል ያለ ሥራ ይሰጣቸው የሚል ነበር። ወደ አስተዳደር ሕንፃ ተዛውረው ደብዳቤ እንዲያመላልሱ ተደረገ። ይህ ከሁሉ የከፋው እርምጃ ሆነ። ለእኛ ቀላል የመሰለው ሥራ አዲስ ሕንፃ፣ አዲስ በር፣ አዲስ ፊት ነበር፤ የመርሳት ሕመም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚነካው አዲስ ነገር የመያዝን አቅም ነው። ኮሪደር ላይ ቆመው ሲገኙ ሰው መሳቅ ጀመረ። እሳቸውም ከዚያ በፊት ያልታየባቸው ቁጣ መጣባቸው። በአጭር ጊዜ ወደ መጋዘናቸው ተመለሱ።

መጋዘኑ ውስጥ የሠራው አሠራር ይህ ነው። የርክክብና የወጪ ፊርማ በሙሉ ወደ ወጣቱ ረዳት ተዛወረ፤ ስለዚህ የገንዘብ ኃላፊነት ከእሳቸው ላይ ወረደ፤ ደመወዛቸው ግን አልተነካም። እሳቸው ዕቃ መደርደር፣ ማጽዳትና ለረዳቱ ማስተማር ቀጠሉ። የድሮ እውቀታቸው ገና አልጠፋም ነበር። ኩሽኔታ በእጃቸው ሲያዞሩ በድምፁ ብቻ መበላቱን ይለያሉ፤ የትኛው አቅራቢ ጥሩ ቺንጋ እንደሚያመጣ ይነግሩታል። መደርደሪያዎቹ በቀለም ተለዩ፤ በእያንዳንዱ ሳጥን ላይ የዕቃው ናሙና ታሰረ። ናሙናው ለሁሉም መካኒክ ስለጠቀመ ዛሬም አለ። ኮምፒውተሩን እንዲማሩ አልተገደዱም። ጠዋትና ማታ ታክሲ ትተው በድርጅቱ ሰርቪስ እንዲሄዱ፣ ሾፌሩም በራቸው ድረስ እንዲያደርሳቸው ተደረገ።

ማን ይወቅ የሚለውን የወሰኑት ራሳቸው ናቸው። ስም ጠርተው ረዳታቸው፣ የጥገና ክፍል ኃላፊው፣ ሾፌሩና የማኅበሩ ተወካይ እንዲያውቁ ፈቀዱ። ይህን ሚስጥር ሙሉ በሙሉ መጠበቅ አልተቻለም፤ ወሬው ወጣ፤ ማን እንዳወጣው አልታወቀም። በሕመም የሚነሳ ወሬ የሚቆመው በማስጠንቀቂያ ሳይሆን በእውቀት ነው ተብሎ ለሁሉም ሠራተኛ ስለ መርሳት ሕመም ትምህርት እንዲሰጥ የተወሰነው ያኔ ነው።

ትምህርቱ፦ ያልሠራውና የሠራው

የመጀመሪያው ፕሮግራም ቅዳሜ ዕለት በምግብ አዳራሹ ተደረገ። ሐኪም ተጋብዞ በፕሮጀክተር አንጎል ውስጥ ስለሚጠራቀሙ ፕሮቲኖች አስረዳ። የሌሊት ፈረቃ ሠራተኞች እንቅልፋቸውን ይታገላሉ፤ የኋላው ሰው አይሰማም። ሲያበቃ የተነሳው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ «ይተላለፋል ወይ?» ጥያቄው ሲነሳ ግማሹ አዳራሽ ዞሮ ጋሼን አየ። እሳቸው ተነሥተው ወጡ። የተበተነው በራሪ ወረቀትም በማግሥቱ ማሽን መጥረጊያ ሆኖ ተገኘ።

ሁለተኛው ዙር በነርሷ ሐሳብ ተለወጠ። በየክፍሉ፣ በፈረቃ መቀያየሪያ ሰዓት፣ ለአጭር ጊዜ፣ ወንበር ሳይደረደር። የምትጀምረው በጥያቄ ነው፤ «ከእናንተ ቤት የሚረሳ ሰው ያለው አለ?» ስለ ጋሼ አንድም ቃል አትናገርም። ከዚያ የምትለው ጥቂት ነገር ነበር። ሕመሙ አይተላለፍም። የእብደት ወይም የእርግማን ምልክት አይደለም። በዓለም ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የመርሳት ሕመም አለባቸው፤ ከእነሱም ከ60 በመቶ የሚበልጡት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ይኖራሉ፤ ከሕሙማኑም ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት አልዛይመር ያለባቸው ናቸው።

«የሽማግሌ በሽታ ነው» ለሚሏት የመጀመሪያዋን ታማሚ ታሪክ ትነግራለች። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በአውሮፓውያኑ 1901 ፍራንክፈርት ያገኛት ሴት ዕድሜዋ 51 ብቻ ነበር፤ ጉዳይዋን በ1906 ለባልደረቦቹ ያቀረበው እሱ ነው፤ በሽታውም በስሙ ተጠራ። የሴትየዋ ቤተሰብ መጀመሪያ ያየው መርሳትን ሳይሆን ያለምክንያት በባሏ ላይ መቅናትን ነው። ይህ ታሪክ ሠራተኛው ላይ ከማንኛውም ሥዕላዊ መግለጫ የበለጠ ሠርቷል፤ ብዙዎች ከቤታቸው የሚያውቁትን ጥርጣሬና ቁጣ በውስጡ ስላገኙት።

ከዚያ የምታስተምረው አነጋገር ነው። «አሁን ነግሬዎት አልነበር?» አትበሉ፤ ነገሩን እንደ አዲስ ንገሩ። «እኔን ያውቁኛል?» ብላችሁ አትፈትኑ፤ «ጋሼ፣ እኔ ከጥገና ክፍል ነኝ» በሉ። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ። በፊታቸው ስለ እነሱ እንደሌሉ አታውሩ። ይህን አንድ መካኒክ በማግሥቱ ሲጠቀምበት አይቻለሁ፤ ደረሰኝ ከመስጠቱ በፊት አሮጌውን ኩሽኔታ እጃቸው ላይ አኖረውና «እንደዚህ ያለ» አላቸው። ሄደው ትክክለኛውን አመጡ።

ስለ መከላከል የተነገረው ለፋብሪካው ቀጥተኛ ጥቅም ነበረው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በአውሮፓውያኑ 2024 ባወጣው ሪፖርት ለመርሳት ሕመም የሚያጋልጡ ሊለወጡ የሚችሉ 14 ምክንያቶችን ዘርዝሯል፤ ከእነሱ ውስጥ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ማጨስና የመስማት ችግር ይገኛሉ። ጩኸት ባለበት አዳራሽ የጆሮ መከላከያ ኪሳቸው ውስጥ ለሚያስቀምጡ ሠራተኞች ይህ አዲስ ወሬ ነበር። የደም ግፊት ልኬትም በክሊኒኩ መደበኛ ሆነ።

ከጥያቄው የወጣው

የነርሷ የመጀመሪያ ጥያቄ ማንም ያልጠበቀውን በር ከፈተ። በማሸጊያ ክፍል የምትሠራ ሴት ሰው ከተበተነ በኋላ ወደ ኋላ ቀርታ ነበር። በማርፈድ ሁለት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነበራት፤ ምክንያቷም ሁልጊዜ «ታክሲ አጣሁ» ነው። ለነርሷ የተናገረችው ግን ሌላ ነው፤ «እናቴ ሌሊት ልብሷን በነጠላ ቋጥራ አገሬ እሄዳለሁ ትላለች። ስትነጋ የበሩን ቁልፍ ደብቃብኝ እፈልጋለሁ። ይሄን ለአለቃ እንዴት እነግራለሁ?» ሌላ የፎርክሊፍት ሾፌር አባቱን በር ቆልፎባቸው እንደሚወጣ፣ ቀኑን ሙሉም እሳት እንዳይነሳ ሲሰጋ እንደሚውል ተናገረ። ከየክፍሉ እንዲህ ያለ ሰው ወጣ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ለመርሳት ሕሙማን ከሚሰጠው የእንክብካቤ ሰዓት 70 በመቶውን የሚሸፍኑት ሴቶች ናቸው፤ በአውሮፓውያኑ 2019 በተደረገው ስሌት ቤተሰብና ወዳጅ በአማካይ በቀን 5 ሰዓት በእንክብካቤ ያሳልፋሉ። አንድ ፋብሪካ ውስጥ ይህ የሚታየው በማርፈድ፣ በመቅረት፣ በሥራ ላይ በማንቀላፋት መልክ ነው።

የሴትየዋ ማስጠንቀቂያዎች ተነሡላት፤ ፈረቃዋም ወንድሟ ቤት በሚገኝበት ሰዓት ልክ ተቀየረ። ማምረቻ አዳራሽ ውስጥ ስልክ ክልክል ስለሆነ የእነዚህ ሠራተኞች ስልክ ከፈረቃ አለቃው ጋር እንዲቀመጥና ከቤት ሲደወል እንዲጠሩ ተፈቀደ። የዓመት ፈቃድ በግማሽ ቀን ተቆራርጦ እንዲወሰድ ተደረገ። ለፎርክሊፍት ሾፌሩ ነርሷ ያሳሰበችው ከሰሉና ጋዙ ከቤት እንዲወጣ፣ አንድ ጎረቤትም ቁልፍ ይዛ እንድታያቸው ነው። የሠራተኞቹ እድር ደግሞ ከረጅም ክርክር በኋላ ለቀብር ብቻ የነበረውን ጥየቃ ለረጅም ጊዜ ታማሚም አደረገው። ተራ የገባው ሰው እሑድ ሄዶ ከታማሚው ጋር ይቀመጣል፤ ተንከባካቢው ቤተ ክርስቲያን ወይም ገበያ ደርሶ ይመለሳል። ከሁሉ እርምጃዎች ብዙ የተመሰገነው ይህ ነው፤ ለድርጅቱም አንድ ብር አላስወጣውም።

አልሠራም የምለው አንድ ነገር አለ። ተንከባካቢዎች ስማቸውን በሰው ሀብት ክፍል እንዲያስመዘግቡ ተጠይቆ የመጣ የለም ማለት ይቻላል። ሰዎቹ ለነርሷ ይናገራሉ፤ ለፋይል ግን አይናገሩም። ምዝገባው ቀርቶ ነርሷ ስም ሳትጠቅስ «ይህ ሠራተኛ ፈረቃ ይቀየርለት» ብላ የምትልክበት አጭር ወረቀት ተተካ።

የሠራተኛው መጨረሻ

ጋሼ በዚህ አሠራር ከአንድ ዓመት በላይ ሠሩ። በኋላ ሰርቪስ ውስጥ መጨነቅ፣ መጋዘን ውስጥም እንግዳ መፍራት ጀመሩ። የሕመም ፈቃዱ ተሰላ፤ በአዋጁ መሠረት በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሚደርስ ሲሆን የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሽ፣ የቀሩት 3 ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። ከዚያ በሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 የጤና ጉድለት አበል ተጠየቀላቸው። ክሊራንሳቸው ላይ የመጋዘኑ ሒሳብ «ጉድለት የለበትም» ተብሎ ተፈረመ። ባለቤታቸው ከሁሉ በፊት የጠየቁት ይህን ወረቀት ነበር፤ ልጆቻቸው አባታቸው በስርቆት ተባረረ የሚል ወሬ ሰምተው ስለነበር።

ሌላ ድርጅት ሊወስደው የሚችለው

ከዚህ ጉዳይ ሳይለወጥ ሊወሰድ የሚችለው ነገር የዲሲፕሊን አሠራሩ ነው። ዛሬ በፋብሪካው የክስ ቅጽ ላይ አንድ መስመር ተጨምሯል፤ «የሠራተኛው አሠራር ወይም ጠባይ ከቀድሞው በግልጽ ተለውጧል ወይ?» መልሱ አዎ ከሆነ ኮሚቴው ከመወሰኑ በፊት ክሊኒኩ ያያቸዋል። የ30 የሥራ ቀናቱ ገደብ ስላለ ይህ በመጀመሪያው ሳምንት መደረግ አለበት። መስመሩ ጥፋተኛን አያስመልጥም፤ ለክሊኒኩ በዚህ መንገድ ከተላኩት መካከል ድባቴ ያለበት፣ ስኳሩ ያልታወቀለት፣ ምንም ያልተገኘበትም አለ።

ክሊኒክ የሌለው ትንሽ ድርጅት በአቅራቢያው ካለ ጤና ጣቢያ ባለሙያ ጋር ሊስማማ ይችላል። ዋናው ነገር የሚያስተምረውና ሠራተኛው በሚስጥር የሚሄድበት ሰው አንድ መሆኑ ነው። ትምህርቱን በየዓመቱ ለማስታወስ መስከረም 11 አካባቢ የሚውለው የዓለም የአልዛይመር ቀን ይመቻል፤ ከበዓል በኋላ ሰው ከቤተሰቡ ተመልሶ ስለሆነ ስለ እናት አባቱ ለውጥ የሚያወራበት ጊዜ ነው።

የተንከባካቢ ፈቃድ ጉዳይ ግን አልተፈታም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለድንገተኛና ከባድ ችግር የሚሰጠው እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ ፈቃድ ነው፤ ያም በበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። ለዓመታት ለሚዘልቅ ሕመም ይህ አይበቃም። የሠራተኛ ማኅበሩ ለሚቀጥለው የኅብረት ስምምነት ድርድር የታመመ ወላጅ ወይም የትዳር ጓደኛ ለሚያስታምም ሠራተኛ በክፍያ የሚሰጥ ፈቃድ እንዲገባ ረቂቅ አቅርቧል። አስተዳደሩ በጽሑፍ መልስ አልሰጠም፤ ማኅበሩ ግን አንቀጹን ከረቂቁ አላወጣውም።